ከበሩ ጀርባ ያለው ተማሪ የማን ነው?

(በሲያትል ለወላጆች የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ? እናቶች፣ አባቶች፣ እህት ወንድሞቼ፣ በዚህ ዝናብ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

በአንዲት እናት ልጀምር። ስሟን አልጠራም። ከእኛው ናት፣ የምትኖረውም እዚሁ አካባቢ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ማታ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ልጄ ከታሰረ ሰባተኛ ሳምንቱ ነው። ጠበቃው ስለ ክሱ ይነግረኛል። ስለ ትምህርቱ ግን የሚነግረኝ ሰው አጣሁ» አለችኝ። ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ። የተከሰሰው ግን እንደ አዋቂ ነው። ስለዚህ የተያዘውም አዋቂዎች በሚታሰሩበት ጀይል ነበር።

በማግስቱ አብረን መዞር ጀመርን። እሷ አንድ ፌስታል ይዛለች። ውስጡ የልጁ ሪፖርት ካርድ አለ፣ የክትባት ካርዱ አለ፣ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ የተሠራለት የልዩ ድጋፍ ዕቅድ፣ አይኢፒ የምንለው፣ አለ። ትምህርት ቤቱ ሄድን። «ከመዝገብ ወጥቷል፤ ጀይሉን ጠይቁ» አሉን። ጀይሉ ሄድን። «እኛ እንጠብቃለን እንጂ አናስተምርም፤ ዲስትሪክቱን ጠይቁ» አሉን። ዲስትሪክቱ፣ ማለትም የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረው ቢሮ፣ ጋ ስንደርስ «የትኛው ዲስትሪክት? ቤታችሁ ያለበት ነው ወይስ ጀይሉ ያለበት?» ተባልን። ጠበቃው ደግሞ «የእኔ ሥራ የወንጀል ክሱ ነው» አለ።

ማንም አላመናጨቀንም። ሁሉም ትሁት ነበሩ። ሁሉም ስልክ ቁጥር ጻፉልን። ማታ ስንለያይ በእጃችን አራት ስልክ ቁጥር ነበር። አስተማሪ ግን አልተገኘም።

ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ነው። ልጅ አዋቂዎች በሚታሰሩበት ቦታ ሲታሰር ትምህርቱ የማን ኃላፊነት ነው? ሕጉ መልስ አለው። መልሱ ግን እንደ ሕንፃው ይለያያል፣ እንደ ልጁ ዕድሜም ይለያያል። እኔ የማምነውን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ልጁ ውጭ ሳለ ያስተምረው የነበረው ወገን፣ ውስጥ ሲገባም ሊያስተምረው ይገባል። ቁልፉ የጠባቂው ይሁን፤ ተማሪው ግን የትምህርት ቤቱ ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የሂሳብ መምህር ነኝ። በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታቴ እስር ቤት እየገባሁ ወጣቶችን አስተምሬአለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ሕጉን የተማርኩት ተማሪዎቼ ሲጠፉብኝ፣ የት እንደገቡ ስፈልግ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልደብቅ ልናገር። እኛ ጋ ልጅ ሲታሰር እንሸሽጋለን። «አገር ቤት ሄዷል» እንላለን። «ሌላ ስቴት አጎቱ ጋ ነው» እንላለን። ሐፍረቱ ይገባኛል፤ እኔም አባት ነኝ። አገር ቤት ግን እስረኛ ጠያቂ አለው። ሰው ሰልፍ ይዞ፣ ስንቅ ቋጥሮ ይሄዳል። እዚህ ስንቅ አይገባም። እናት ዶሮ ሠርታ ልውሰድ ብትል በር ላይ ትመለሳለች። ልንወስድለት የምንችለው ጥያቄ ነው፤ ልጄን ማን እያስተማረው ነው የሚል ጥያቄ። የተሸሸገ ልጅ ግን ያንን የሚጠይቅለት የለውም።

እስቲ ልጅ እንዴት እዚያ እንደሚደርስ በአጭሩ ልንገራችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የወጣት ወንጀል ትልቅ ፍርሃት ነበር። ስቴቶች ተራ በተራ ሕጋቸውን አጠበቁ። የእኛ ስቴት ዋሽንግተንም በ1994 አዲስ ሕግ አወጣች። አሥራ ስድስት ወይም አሥራ ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ በተወሰኑ ከባድ ወንጀሎች ከተከሰሰ፣ የልጆች ፍርድ ቤት ዳኛ ጉዳዩን ሳያመዛዝን በቀጥታ ወደ አዋቂዎች ፍርድ ቤት ይሄዳል። በ1997 የወንጀሎቹ ዝርዝር ሰፋ። በዚያን ጊዜ በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ብቻ ከ14 ሺህ በላይ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ለአዋቂ በተሠሩ ጀይሎችና እስር ቤቶች ነበሩ። በ2021 ቁጥሩ ወደ 2,250 ገደማ ወርዷል። ትልቅ ለውጥ ነው። ግን ልጁ የእናንተ ከሆነ ቁጥሩ አንድም ቢሆን ያው ነው።

አንድ ነገር እንለይ። በአማርኛ ሁለቱንም እስር ቤት ነው የምንላቸው። እዚህ ግን ጀይል የካውንቲ ወይም የከተማ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰው ፍርዱን የሚጠብቅበት። ፕሪዝን የስቴቱ ነው፤ ከተፈረደ በኋላ የሚገባበት። የትምህርቱ ኃላፊነት የሚለዋወጠው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስለሆነ ነው ይህን የምላችሁ።

አሁን ወደ ክፍሉ ልውሰዳችሁ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። መስኮት የለውም፣ ካለውም ወደ ኮሪደር ነው። እርሳስ ሲገባ ይቆጠራል፣ ሲወጣ ይቆጠራል። እርሳሱ ራሱ የጣት ያህል አጭር ነው። ሽቦ ያለው ደብተር አይገባም። ወረቀት ላይ ስቴፕል ካለ ይነቀላል። ማታ ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስቴፕል ስነቅል ባለቤቴ «ዛሬም ለቀማ ላይ ነህ?» ትለኝ ነበር። ኢንተርኔት የለም። ውጭ ያለ ተማሪ የቤት ሥራውን የሚሠራበት ነገር ሁሉ በኮምፒውተር ሆኗል፤ እኔ ግን ፎቶ ኮፒ ተሸክሜ ነው የምገባው።

ስድስት ልጆች ፊቴ ተቀምጠዋል። አንዱ የሚያነበው የሦስተኛ ክፍል ያህል ነው። ሌላው ከመታሰሩ በፊት ከፍ ያለ አልጀብራ ይማር ነበር። አንዱ እንግሊዝኛው ገና ነው። አንዱ ሌሊቱን አልተኛም፤ በማግስቱ ፍርድ ቤት ይቀርባል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማስተማር አለብኝ። የትኛውም ጎበዝ መምህር ውጭ ከሚገጥመው ይከብዳል። ግን ልጆቹ ይማራሉ! ይሄን ልብ በሉልኝ። ክፍልፋይ በመጨረሻ ሲገባው ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ ያደረገ ልጅ አስታውሳለሁ። ጠባቂው ደንግጦ ገባ። ልጁ «ገባኝ እኮ ነው» አለው።

ሁሌም የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ይሄ ክሬዲት ይቆጠርልኛል?» የሚል። ክሬዲት ለመመረቅ የሚጠራቀመው ነጥብ ነው። መቆጠሩ የሚወሰነው መምህሩ በማን ሥር እንደሆነ ነው። መምህሩ በዲስትሪክቱ ሥር ከሆነና ፈቃድ ያለው ከሆነ፣ ሥራው ወደ ትራንስክሪፕቱ፣ ወደ ውጤት መዝገቡ፣ ይገባል። በጎ ፈቃደኛ ወይም የእስር ቤት ሠራተኛ ያስተማረው ግን ብዙ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል።

ትምህርት የሚቋረጠው ደግሞ ማንም ክፉ ስላሰበ አይደለም። በ2012 የወጣ የፌዴራል ደንብ አለ። ልጆች ከአዋቂ እስረኞች ጋር በሚያድሩበት፣ በሚታጠቡበትና ቀን በሚውሉበት ክፍል እንዳይተያዩ፣ አንዱም የሌላውን ድምፅ እንዳይሰማ ይላል። ከዚያ ውጭ ባለው ቦታ ወይ መለየት አለባቸው፣ ወይ ጠባቂ አብሯቸው መቆም አለበት። በጣም ጥሩ ደንብ ነው፤ ልጆችን ከጥቃት ይጠብቃል። አሁን ይህን በሥራ ተመልከቱት። አንድን ልጅ ከክፍሉ ወደ መማሪያው ለማምጣት ኮሪደሩ ከአዋቂዎች ነፃ መሆን አለበት፣ ወይ አንድ ጠባቂ መነሳት አለበት። የዚያን ቀን ጠባቂ ካነሰ ልጁ አይመጣም። ሌላ ፎቅ ላይ ጠብ ከተነሳ ሎክዳውን ነው፤ ማንም አይንቀሳቀስም። በአንዳንድ ሳምንት ከአምስት ቀን ያስተማርኩት ሁለቱን ነው። ደንቡ ራሱ ልጁን ለመለየት ሲባል ለብቻው እንዳይቆለፍበት፣ በሕግ የተፈቀደለት የልዩ ድጋፍ ትምህርትም እንዳይነፈግ ይላል። ግን መቆለፍ ቀላል ነው፤ ማስተማር ሰው ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ነው የኃላፊነቱ ጥያቄ የሚመጣው። ሦስት ቀን ትምህርት ሲቀር ስልክ አንስቶ «ተማሪዬ የት አለ?» የሚለው ማን ነው?

ከዚህ ተነስታችሁ በፌሪ ተሻግራችሁ፣ የኦሎምፒክን ተራሮች በግራ አድርጋችሁ ለሰዓታት ብትነዱ ክላላም ቤይ የሚባል ቦታ ትደርሳላችሁ። ከባሕሩ ማዶ ካናዳ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ እንደ አዋቂ የተፈረደባቸው የዋሽንግተን ወንዶች ልጆች የሚላኩት እዚያ ወዳለው የስቴቱ እስር ቤት ነበር። የሲያትል እናት ልጇን ለማየት አንድ ሙሉ ቀን ያስፈልጋታል።

በ1997 በስቴቱ እስር ቤቶች ያሉ ወጣቶች ክስ መሠረቱ። መዝገቡ ተንስታል በበርግሰን ላይ ይባላል። በርግሰን የዚያን ጊዜዋ የስቴቱ የትምህርት ኃላፊ ነበሩ። ከሳሾቹ የያዙት የዋሽንግተንን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ነው። አንቀጹ በድንበሩ ውስጥ ለሚኖሩ ልጆች ሁሉ በቂ ትምህርት ማቅረብ የስቴቱ ቀዳሚ ግዴታ ነው ይላል። ቀዳሚ ነው የሚለው። ከመንገድም፣ ከፖሊስም፣ ከእስር ቤትም በፊት። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት እንዲህ የሚል ነገር የለውም፤ በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትምህርት በዚያ ሕገ መንግሥት ሥር መሠረታዊ መብት አይደለም ብሎ ወስኗል። ስለዚህ እዚህ አገር የልጅ የመማር መብት የሚቆመው በየስቴቱ ሕግ ላይ ነው። የእኛ ስቴት ሕግ ደግሞ ጠንካራ ነው። የታሰረውም ልጅ በድንበሩ ውስጥ ነው፤ እንዲያውም ከድንበሩ የትም ሊሄድ አይችልም።

ክሱ ገና ፍርድ ቤት እያለ፣ በ1998 የስቴቱ ምክር ቤት አዲስ ሕግ አወጣ። በስቴቱ እስር ቤት ያሉ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ልጆች ትምህርት ያገኛሉ። አስተማሪ አካል የሚፈልገው የስቴቱ የትምህርት ኃላፊ ነው። ዲስትሪክት ሊሆን ይችላል፣ ኮሌጅ ሊሆን ይችላል፣ የግል ተቋምም ሊሆን ይችላል። ፈቃደኛ ከጠፋ ግን የአካባቢው የትምህርት አገልግሎት ቢሮ ግዴታውን ይወስዳል። መምህሩን መቅጠር፣ ሥርዓተ ትምህርቱን ማውጣት የዚህ አካል ነው። ክፍሉን፣ ወንበሩን፣ ጥበቃውንና መግቢያውን ማዘጋጀት የእስር ቤቱ ነው። ይህ ክፍፍል ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለቱ ሥራዎች ሲቀላቀሉ ትምህርት ሽልማት ይሆናል፤ ጨዋ ለሆነ የሚሰጥ፣ ላጠፋ የሚከለከል። ትምህርት ግን የልጁ ነው፤ ሽልማት አይደለም።

በ2000 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደ። ፍርዱን ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ያሉት ልጆች ናቸው፣ የ1998ቱም ሕግ ለእነሱ ይበቃል አለ። የሚሰጣቸው ትምህርት ውጭ ካለው ጋር አንድ ዓይነት መሆን የለበትም አለ። በእስር ቤቶቹ አካባቢ ያሉት የትምህርት ዲስትሪክቶች ግዴታ የለባቸውም አለ። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላቸው ደግሞ በአንቀጽ 9 አገላለጽ ልጆች አይደሉም፤ ስለዚህ በእስር ቤት እነሱን ማስተማር የሕገ መንግሥት ግዴታ አይደለም አለ።

ይህ የመጨረሻው ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ውጭ ያለ ተማሪ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ማንም ከክፍል አያስወጣውም። በዋሽንግተን ሃያ አንድ ዓመት እስኪሞላው በሕዝብ ትምህርት ቤት መማር ይችላል። እስር ቤት ያለው ግን በልደቱ ቀን መብቱ ወደ ፈቃድ ይለወጣል። ትምህርቱን ጀምሮ ከነበረ፣ እስር ቤቱና አስተማሪው አካል ከፈቀዱ ብቻ ይቀጥላል። ሁለት ክሬዲት ቀርቶት ልደቱ የደረሰበትን ልጅ አስቡት። የተያዘው በአሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ትምህርቱ የቀረው በመታሰሩ ነው። ከዚያ «አድገሃል» ይባላል። እኔ ዳኞቹን አከብራለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም።

ጀይል ላይ ደግሞ ሌላ ሕግ አለ። በ2010 የወጣ ነው። በስቴቱ እስር ቤት ላይ ዲስትሪክቱ ግዴታ የለበትም ብያችኋለሁ። በጀይል ግን ጀይሉ ያለበት ዲስትሪክት ነው ኃላፊው። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሲገባ ጀይሉ በአምስት የትምህርት ቀን ውስጥ ለዲስትሪክቱ ማሳወቅ አለበት። ያቺ እናት በፌስታሏ ስትዞር ይህ ሕግ አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ቢያንስ የትኛውን በር እንደምናንኳኳ እናውቅ ነበር።

አሁን አንድን ልጅ ተከተሉት። ሰኔ ላይ በመኖሪያው ዲስትሪክት ተማሪ ነው። ሐምሌ ላይ ጀይል ገባ፤ የሌላ ዲስትሪክት ሆነ። መጋቢት ላይ ተፈረደበትና ወደ ስቴቱ ተቋም ተዛወረ፤ ኃላፊነቱ ወደ ሦስተኛ ወገን ሄደ። ልጁ ያው ነው። አይኢፒው ያው ነው። ፋይሉ ግን ከኋላው እየሮጠ ነው፣ ብዙ ጊዜም አይደርስበትም። ልጁ ሲመጣ ፋይሉ ያልመጣ ተማሪ አስተምሬአለሁ። ምን እንደሚችል፣ ምን እንደሚቸግረው ለማወቅ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የቀድሞ ትምህርት ቤቱ ግን ሁሉንም ጽፎ አስቀምጦት ነበር።

ስለ ልዩ ድጋፍ ትምህርት ትንሽ ልቆይ፤ ክፍሌ ከገቡት ብዙዎቹ አይኢፒ ያላቸው ነበሩ። የፌዴራሉ ሕግ እንደ አዋቂ ተፈርዶበት በአዋቂ እስር ቤት ያለን ልጅም ይሸፍናል። በ1997 የተደረገው ማሻሻያ ግን ሦስት ነገር ቀየረ። አንደኛ፣ የስቴቱ ገዥ ይህን ኃላፊነት ከትምህርት ቢሮው ወስዶ ለሌላ የመንግሥት አካል፣ ለምሳሌ ለእስር ቤት አስተዳደሩ፣ መስጠት ይችላል። ሁለተኛ፣ ከባድ የጥበቃ ምክንያት ካለ አይኢፒው ሊቀየር ይችላል። ሦስተኛ፣ ከመታሰሩ በፊት ችግሩ ያልታወቀለት ልጅ አሥራ ስምንት ዓመት ካለፈው በኋላ ስቴቱ ሊተወው ይችላል። ይህ ሦስተኛው እኛን ይነካል። «ልጄን ዘገምተኛ ሊሉት ነው» ብለን አይኢፒ የምንፈራ ወላጆች አለን። አውቃለሁ፣ ብዙዎቻችሁ ነግራችሁኛል። ያ ወረቀት ግን በክፉ ቀን የልጁ ጋሻ ነው። ቀድሞ ያልተጻፈ ነገር በኋላ አይገኝም።

ባለፈው እንዲህ ስናገር አንድ አባት ተነሱ። «የእኔ ልጅ ምንም ሳያጠፋ ሠላሳ ሆነው ይማራሉ። ያጠፋው ለስድስት አንድ መምህር ይቀጠርለታል። ይሄ ፍትሕ ነው?» አሉኝ። ጥያቄያቸው እውነተኛ ነው። በወንጀል ልጁን ያጣ ቤተሰብ ደግሞ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አልረሳም። እዚህ አዳራሽ ውስጥም ሊኖር ይችላል። ለእሳቸው የመለስኩት ይህን ነው። ዳኛ የፈረደው ዓመት ነው። ለዚህ ልጅ አሥር ዓመት ሲፈርድ ማንበብ እንዳይችል አልፈረደበትም። ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ደግሞ ይወጣሉ። የሚመለሱት ወደ እኛ ሰፈር ነው፣ ወደ እኛ አውቶቡስ ነው። ራንድ የተባለው የጥናት ድርጅት በ2013 ባወጣው ጥናት እስር ቤት ውስጥ የተማሩ ሰዎች ተመልሰው የመግባት ዕድላቸው ካልተማሩት በ43 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ለትምህርቱ የወጣ አንድ ዶላር በሦስት ዓመት ውስጥ ከአራት እስከ አምስት ዶላር የእስር ወጪ ያድናል ብሏል። ጥናቱ በዋናነት ስለ አዋቂዎች ነው። ለልጅ ጥቅሙ ቢበልጥ እንጂ አያንስም ባይ ነኝ። አባትየው ዝም ብለው ቆዩና «ክፍሉን ግን የእኛንም ያሳንሱልን» አሉ። ልክ ናቸው። ሁለቱንም እንጠይቅ።

ኒው ዮርክ ላይ ደግሞ በራይከርስ ደሴት ስለታሰሩ ከአሥራ ስድስት እስከ ሃያ አንድ ዓመት ወጣቶች ትምህርት በ1996 የተጀመረ ክስ ነበር። ጭቅጭቁ በቀን ሦስት ሰዓት ትምህርት ስለመስጠት ነው። ሦስት ሰዓት ብቻ! ከሃያ ዓመት በኋላም ጉዳዩ ገና ፍርድ ቤት ነበር። ክሱ ሲጀመር የተወለደ ልጅ ራሱ እዚያ ለመታሰር ደርሶ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ነገሩ ተሻሽሏል። በ2017 ኪንግ ካውንቲ እንደ አዋቂ የተከሰሱ ልጆችን በኬንት ካለው የአዋቂዎች ጀይል ወደ ልጆች ማቆያው እንዲዛወሩ አደረገ። በ2018 እና በ2019 የስቴቱ ሕግ ተለውጦ፣ እንደ አዋቂ የተፈረደባቸውም ልጆች እስከ ሃያ አምስት ዓመታቸው በወጣቶች ተቋም እንዲቆዩ ተፈቀደ። ትልቁ ተቋም ቼሃሊስ ያለው ግሪን ሂል ነው። እዚያ ትምህርት ቤት አለ። ግን ተጨናነቀ። በሐምሌ 2024 አርባ ሦስት ወጣቶች በአንድ ቀን ተነስተው ስታፎርድ ክሪክ ወደሚባል የአዋቂዎች እስር ቤት ተወሰዱ። ዳኛ ናቸው መልሷቸው ያሉት። አርባ ሦስቱ ከሃያ አንድ ዓመት በላይ ነበሩ። ይህን የማነሳው ሕግ በወረቀት ሲያምር እንዳንዘናጋ ነው። አልጋ ሲያንስ መጀመሪያ የሚነሳው ወጣቱ ነው።

አገር ቤትስ? የሚል ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. ሲወጣ አንቀጽ 36 ላይ ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ደንግጓል። በወንጀል ሕጉ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያሉት ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋር አይታሰሩም። ከአሥራ አምስት በላይ ያሉት ግን በመደበኛው ሕግ ይዳኛሉ። አዲስ አበባ ልደታ ያለው የልጆች ማረሚያ ለአስርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው ሆኖ ኖሯል። ክልል ላይ የተያዘ ልጅ ሕጉ ቢኖርም ቤቱ የለውም። ማረሚያ ቤቶቻችን ውስጥ ግን አንድ የማደንቀው ነገር አለ። ትምህርት ቤት አላቸው፣ ታራሚዎችም ለብሔራዊ ፈተና ይቀመጣሉ። ብዙ ጊዜ የሚያስተምረውም ታራሚ ነው፤ ውጭ ሳለ መምህር የነበረ፣ ወይ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ። እነዚህን ሰዎች አከብራቸዋለሁ። መንግሥት ግን ኃላፊነቱን በእነሱ በጎነት ላይ ጥሎ መሄድ የለበትም።

በ1990 የተባበሩት መንግሥታት ስለታሰሩ ልጆች ያወጣው ደንብ ሁለት ነገር ይላል፤ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ልጁ በተቻለ መጠን በማኅበረሰቡ ትምህርት ቤት ይማር ይላል። የሚሰጠው የምስክር ወረቀትም ልጁ ታስሮ እንደነበር በምንም መልኩ አያሳይ ይላል። ይህን የጻፈ ሰው ሥራ ፈልጎ ያውቃል ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ልጃችሁ ወይም የጎረቤታችሁ ልጅ ከታሰረ በመጀመሪያው ሳምንት ለዲስትሪክቱ ጻፉ። ስልክ አትደውሉ፤ ጻፉ። ቀን አድርጉበት። ቅጂ ያዙ። «ልጄ በዚህ ቀን በዚህ ጀይል ገብቷል፤ የሚያስተምረው ማን ነው? መቼ ይጀምራል?» በሉ። አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው። አይኢፒ ካለው ቅጂውን ለጠበቃውም ስጡ፤ ዳኛውም ሊያየው ይገባል። ልጁን ስትጠይቁት «በላህ?» ካላችሁት በኋላ «በዚህ ሳምንት ስንት ቀን ተማርክ?» በሉት። ቁጥሩን ጻፉት። ትምህርት ሳይጀምር አሥራ ስምንት ዓመት እንዳይሞላው። ይህን አደራ እላለሁ። ከልደቱ በፊት የተመዘገበ ልጅ ይቀጥላል ብሎ የሚከራከርለት ነገር አለ፤ ያልተመዘገበው የለውም።

የዚያን ልጅ ነገር ሳልጨርስ ልቀመጥ አልችልም። ከአሥራ አንድ ሳምንት በኋላ መምህር መጣለት። በሳምንት ጥቂት ሰዓት ነበር፤ ግን ዲስትሪክቱ የቀጠረው መምህር ነው። ከዓመት በላይ ቆይቶ ወጣ። እናቱ ትራንስክሪፕቱ በፖስታ ሲደርሳት ይዛው ቤቴ መጣች። እንግሊዝኛ ብዙም አታነብም። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ስለ ማርኩ አልጠየቀችኝም። «ጋሼ፣ ጀይል የሚል ቃል አለበት?» አለችኝ። ከላይ እስከ ታች በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩላት። የዲስትሪክቱ ስም አለ፣ የትምህርቶቹ ስም አለ፣ ክሬዲቱ አለ። ሌላ ነገር የለም። አጣጥፋ ወደዚያው ፌስታል መለሰችው።